ትኬቱን ከማን ልቁረጥ? ከጉዞ ወኪል ወይስ በቀጥታ ከአየር መንገዱ

ከካፋዋ ቢታ ገነት ተነስቶ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ትኬቱን የሚቆርጥለት ሌላ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ የአጎት ልጅ ይሆናል፤ ጅማ ያለ የጉዞ ወኪል ይሆናል፤ አንዳንዴም በስልክ ብቻ የሚያውቁት «ጉዳይ አስፈጻሚ» ነው። ገንዘቡ ግን የተጓዡ ነው። የቡና ሽያጭ፣ የኮሮሪማና የማር ብር፣ ወይም ከመምህርነትና ከጤና ጣቢያ ደመወዝ ለዓመታት የተጠራቀመ ነው። እንዲህ ያለ ብር ከኪስ ሲወጣ የት እንደገባ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለሥልጠና፣ ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ቤተሰብ ለመጠየቅ የሚሄዱ ሰዎች አዘውትረው የሚጠይቁት «የቱ ይረክሳል?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ፦ በረራው ቢቀየር፣ ቪዛው ቢዘገይ፣ ሰው ቢታመም ይህን ትኬት የሚያስተካክልልኝ ማን ነው? የዚህ ምክር ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ትኬትዎን መግዛት ያለብዎት፣ ነገር ሲበላሽ ሊያገኙት ከሚችሉትና ኃላፊነቱን በደረሰኝ ከሚወስድ ሰው ነው።

ትኬቱ በማን እጅ ነው?

ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ቢሮ፣ ከድረ ገጹ ወይም ከስልክ መተግበሪያው ሲገዙ ቡኪንጉ የሚቀመጠው በአየር መንገዱ እጅ ነው። ቀን ለመቀየር ወደ ጥሪ ማዕከሉ 6787 ይደውላሉ፤ ወይም በመተግበሪያው ራስዎ ያስተካክላሉ። ገንዘብ ተመላሽ ሲሆንም በከፈሉበት መንገድ ይመለሳል።

ከወኪል ሲገዙ ነገሩ ይለያል። ወኪሉ እንደ አማዴየስ፣ ሴበር ወይም ጋሊሊዮ ባሉ ዓለም አቀፍ የቡኪንግ ሥርዓቶች ገብቶ ትኬቱን ያወጣል። ያወጣው እሱ ስለሆነ ለለውጥም ለተመላሽ ገንዘብም በመጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ወደ አየር መንገዱ ቢሄዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጥዎት መልስ «ወደ ገዙበት ቢሮ ይመለሱ» የሚል ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ስልኩ የማይነሳ ወኪል፣ እሑድ ጠዋት በረራ ላለው ሰው ወኪል አይባልም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የጉዞ ወኪል የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ሁሉ ትኬት የማውጣት ሥልጣን የለውም። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ፣ ዕውቅና የሰጣቸው ቢሮዎች አሉ፤ ዕውቅናው የሌላቸው አነስተኛ ቢሮዎች ደግሞ ከትልልቆቹ ገዝተው ይሸጣሉ። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። የቡናችንን መንገድ ያስቡት፦ ከገበሬው ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ። እጅ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይነካል፤ ጥፋት ሲመጣም ተጠያቂው ይርቃል። ትኬትም እንደዚያው ስለሆነ «ትኬቱን የምታወጡት እናንተ ናችሁ ወይስ ሌላ ቢሮ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

የዋጋው ነገር

ድሮ አየር መንገዶች ለወኪሎች ዳጎስ ያለ ኮሚሽን ይከፍሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ በአገር ውስጥ ትኬቶች ኮሚሽን ላይ ጣሪያ ሲያበጅ ሌሎቹ ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ኮሚሽኑ በብዙ አገር እየሳሳ ሄደ፤ ወኪሎችም ከደንበኛው የአገልግሎት ክፍያ መጠየቅ ጀመሩ። ክፍያው ሕገ ወጥ አይደለም። ሰውየው ሰዓቱን ሰጥቶ ሠርቷል። ጉዳት የሚመጣው ክፍያው በትኬቱ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ሲቀር ነው። ስለዚህ «የአየር መንገዱ ዋጋ ስንት ነው? የእናንተስ አገልግሎት ስንት?» ብለው ለየብቻ ያስነግሩ፤ ደረሰኙ ላይም ይጻፍ።

ሌላው የብሩ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዓለም አቀፍ በረራ ዋጋ በብር ሲሰላ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ሰኞ የተነገረዎት ዋጋ ሐሙስ ላይጸና ይችላል። ዋጋ ሲነገርዎ «እስከ መቼ ይቆያል?» ብለው ሰዓቱን ይያዙ። በዚያ ሰዓት ያልተከፈለ ቡኪንግ በራሱ ይሰረዛል፤ ዋጋውም እንደ አዲስ ይቆጠራል።

በቀጥታ መግዛት ከቢታ ገነት ሲታይ የራሱ ወጪ አለው። ትኬት ቢሮ ፍለጋ ቦንጋ ወጥቶ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ መሄድ የመኪና ብር፣ የአልጋ ብርና የሥራ ቀን ያስወጣል። በመተግበሪያ ገዝተው በቴሌብር ወይም በባንክ በመክፈያ ኮድ መክፈል ከቻሉ ይህ ሁሉ ይቀራል። ስልኩ እምቢ ካለ ወይም ኔትዎርክ ካስቸገረ ግን ለወኪል የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ ከጅማ ደርሶ መልስ ሊያንስ ይችላል። ሁለቱን ደምረው ያወዳድሩ።

በቀጥታ መግዛት የሚሻለው መቼ ነው?

ጉዞው ቀላል ከሆነ በቀጥታ ይግዙ። ከጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ አንድ ከተማ ያለ ትራንዚት የሚደረግ በረራ ሦስተኛ ሰው አይፈልግም። እንዲህ ላለው ጉዞ ሁለትና ሦስት እጅ ማስገባት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ቀንዎ ሊቀየር እንደሚችል ካወቁም በቀጥታ መግዛት ይመረጣል፤ ሌሊትም በዓልም ሳይሉ አየር መንገዱን ራስዎ ያገኙታልና።

ከውጭ የሚመጡ ዘመዶችዎም ይህን ይወቁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በእሱ ዓለም አቀፍ በረራ ለሚመጡ መንገደኞች በአገር ውስጥ በረራ ላይ ቅናሽ የሚያደርግበት የቆየ አሠራር አለው። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን የሚመጣው ወንድምዎ የጅማውን ትኬት ለብቻው ከመግዛቱ በፊት ይህን ይጠይቅ።

ወኪል የሚያስፈልገውስ?

የተወሳሰበ ጉዞ የጥሩ ወኪል ቦታ ነው። ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ የሚሄድ ሰው አስታማሚ ይዞ፣ ዊልቸር አስመዝግቦ፣ የመመለሻ ቀኑን ሳያውቅ ነው የሚነሳው። ሁለቱም አገሮች ከኢትዮጵያ ለሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ይህን የሚያውቅ ወኪል ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ያነሳዋል። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በቡድን የሚሄዱ ምእመናን፣ በሁለትና ሦስት አየር መንገዶች ተቀባብለው ሩቅ የሚደርሱ ተማሪዎች፣ ሆቴልና መኪና አብሮ የሚያስፈልጋቸው ነጋዴዎችም ከወኪል ይጠቀማሉ።

ጥሩ ወኪል በጥያቄው ይታወቃል። ፓስፖርትዎ ከጉዞው በኋላ ስድስት ወር ይቀረው እንደሆነ ይጠይቃል። ቪዛ ይዘዋል? የሚያልፉበት አገር የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል? የት ነው የሚያርፉት? ይህን ሳይጠይቅ «ብሩን ላክ፣ ነገ ትኬቱ ይደርስሃል» የሚል ሰው ለእርስዎ የሚጨነቅ አይመስልም።

ወረቀቱን አንድ በአንድ ያንብቡ

ከየትም ይግዙት፣ ትኬቱ ሲደርስዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች የተቀላቀሉበት አጭር ኮድ አለ፤ ይህ የቡኪንግ ኮዱ፣ ፒኤንአር የሚባለው ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቡኪንግ ማለት ወንበር ተይዟል ማለት እንጂ ተከፍሏል ማለት አይደለም። የተከፈለበት ትኬት 13 አሃዝ ያለው የትኬት ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ቁጥሩ በ071 ይጀምራል። ይህ ቁጥር የሌለው ወረቀት፣ ስምዎና የበረራ ሰዓቱ ቢጻፍበትም ለቪዛ ማመልከቻ የሚያዝ ዓይነት ጊዜያዊ ቡኪንግ ሊሆን ይችላል። ኮዱንና ስምዎን በአየር መንገዱ መተግበሪያ ላይ አስገብተው ያረጋግጡ፤ ወይም 6787 ደውለው «ትኬቱ ወጥቷል?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ከቢታ ገነት ሳይነሱ በደቂቃዎች ይጨርሱታል።

ቀጥሎ ስም ነው። በትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል መመሳሰል አለበት። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰው በሁለት ኤስ፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። ስለዚህ ስምዎን በቃል አይንገሩ፤ የፓስፖርቱን ፎቶ ይላኩ፤ ትኬቱ ሲመጣም በፓስፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ካሉት ሁለት መስመሮች ጋር ያስተያዩ። የተሳሳተ ስም ትኬቱ በተገዛበት ዕለት ሲገኝ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቦሌ ላይ ሲገኝ ግን ጉዞ ያስቀራል።

ሰዓቱና ቀኑ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። 07:10 ማለት ጠዋት 1፡10 ነው። በይበልጥ የሚያሳስተው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው በረራ ነው። ማርች 15 ቀን 00:45 የሚል ትኬት እንመልከት። ማርች 15 በእኛ መጋቢት 6 ነው፤ 00:45 ደግሞ ሌሊት 6፡45። አንባቢው «መጋቢት 6 ሌሊት» ብሎ በ6ኛው ቀን ማታ ቦሌ ቢደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ወደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። መሄድ ያለበት መጋቢት 5 ማታ ነበር። ወኪሉን «ቦሌ መድረስ ያለብኝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየትኛው ቀን፣ ማታ በስንት ሰዓት ነው?» ብለው አስጽፈው ይያዙ።

ስልክ ቁጥሩንም ይመልከቱ። የበረራ ሰዓት ሲቀየር መልእክቱ የሚላከው ቡኪንጉ ላይ ወደተመዘገበው ቁጥር ነው። ወኪሎች ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ቁጥር ያስገባሉ። የእርስዎም እንዲገባ ያድርጉ፤ አለዚያ ለውጡ ሳይደርስዎ ይቀራል።

ከጅማ የሚነሱ ከሆነ

ከጅማ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ የሚበሩ ከሆነ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ቢሆኑ ይሻላል። የጅማው በረራ ቢዘገይና ቀጣዩ ቢያመልጥዎ በሌላ በረራ የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል። ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከሆኑ ግን ያመለጠው ኪሳራ የእርስዎ ነው።

አንድ ትኬት ሲሆን ግን ግዴታም አለበት። «የጅማውን ልተወውና በመኪና አዲስ አበባ ልግባ» ብለው የመጀመሪያውን በረራ ከቀሩ፣ የቀረው ጉዞ መመለሻውን ጨምሮ ሊሰረዝ ይችላል። ሐሳብዎን ከለወጡ ከበረራው በፊት ትኬቱን ያወጣውን አካል ያሳውቁ። በካፋ ዝናቡ ብዙ ነው፤ መንገዱም እንደልብ አይሆንም። ከቢታ ገነት ለሚነሳ ሰው ከበረራው ቀን በፊት ጅማ አድሮ መጠበቅ ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለሚሄዱ

እዚህ ላይ ትኬት ወኪልና የሥራ ኤጀንሲ እንዳይምታቱ። ትኬት ወኪል ጉዞ ይሸጣል፤ ሠራተኛ የመላክ ፈቃድ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያሉትን ወጪዎች ነው። ስለዚህ «የትኬት ብር አምጪ፣ በአንድ ሳምንት ትሄጃለሽ» የሚል ደላላ ሕጉ ከአሠሪው የጠየቀውን ከእህታችን እየጠየቀ ነው። በጉብኝት ቪዛ ሂጂና እዚያ ሥራ ትጀምሪያለሽ የሚላትም ውሉንና መድኑን እያሳጣት ነው። ልጅዎ ወይም እህትዎ ይህን ሐሳብ ይዛ ከመጣች ወደ ወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይዘዋት ይሂዱ፤ የተፈቀደላቸውን ኤጀንሲዎች እዚያ ይጠይቁ።

በመርከብ ሽርሽር የሚጋብዝ ዘመድ ካለ

ሲያትል የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን አስመጥተው ወደ አላስካ በመርከብ ለማዝናናት ማሰባቸው ደግ ነው። የመርከብ ድርጅቶች እስከ ዛሬ ለወኪሎች ኮሚሽን ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከወኪልም ከድርጅቱም የሚጠየቀው ዋጋ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ እዚህም ማን ያስተካክለዋል የሚለው ነው። በቀጥታ የተገዛን ቦታ ብዙ ጊዜ ወኪል አያስተካክለውም፤ በወኪል የተገዛውንም ድርጅቱ ወደ ወኪሉ ይመልሰዋል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ቪዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦች መንገደኛ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው እንዳያጓጉዙ ይከለክላል። ከሲያትል ተነስተው እዚያው የሚመለሱት የአላስካ መርከቦች በመሐል የካናዳ ወደብ የሚነኩት ስለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ደግሞ ካናዳ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ብሩን ሲቀበል ስለ ፓስፖርቱ ላይጠይቅ ይችላል። ልምድ ያለው ወኪል በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ወኪል ቢያዝ እመክራለሁ።

ብር ከመላክዎ በፊት

ትልቅ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1841 መንገደኞችን በባቡር አሳፍሮ የጀመረው ሥራ በዓለም የታወቀ የጉዞ ድርጅት ሆኖ ነበር። በስሙ የሚጠራው ኩባንያ መስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ሲከስር 150,000 ያህል እንግሊዛውያን በየአገሩ ቀሩ። አገራቸው ለጥቅል ጉዞ ገዢዎች የዋስትና ሥርዓት ስለነበራት አውሮፕላን ተከራይታ መለሰቻቸው። እኛ ዘንድ የገዢው ዋስትና በእጁ ያለው ማስረጃ ስለሆነ የሚከተሉትን ሳያሟሉ ብር አይላኩ።

የንግድ ፈቃድ ይጠይቁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ከያዙ ፈቃዱ የጸና መሆኑን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ማጣራት ይቻላል።

ክፍያውን በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ያስገቡ። በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ወይም በግል የቴሌብር ቁጥር «ለፍጥነት» ላኩ ቢባሉ አይቀበሉ።

የለውጥና የስረዛ ደንቡን በጽሑፍ ያግኙ። ቀን ለመቀየር ስንት ይቀጣሉ? ቢሰርዙ ምን ያህል ይመለሳል? ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት እንኳ ሳይጠቀሙበት ከቀሩ የተወሰነ የኤርፖርት ታክስ የሚመለስበት ጊዜ አለና ይጠይቁ።

ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አይቁረጡ። ኤምባሲው ማስረጃ ከፈለገ ጊዜያዊ ቡኪንግ ይበቃ እንደሆነ ያጣሩ።

ስልክ ሲደውሉ እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከካፋ ዞን ነው የምደውለው። ትኬቱን ራሳችሁ ታወጣላችሁ? የአየር መንገዱ ዋጋና የእናንተ ክፍያ ለየብቻ ስንት ነው? እሑድ ችግር ቢያጋጥመኝ ማን ስልክ ያነሳልኛል? ደረሰኙንና የትኬት ቁጥሩን ዛሬውኑ ትልኩልኛላችሁ?» ለእነዚህ ጥያቄዎች በትሕትና የሚመልስ ቢሮ ከተገኘ ይያዙት፤ ለጎረቤትም ይጠቁሙ። የሚቆጣ ወይም የሚያድበሰብስ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ቀላል ጉዞ በቀጥታ፣ የተወሳሰበ ጉዞ በታወቀ ወኪል፣ በደላላ ግን ፈጽሞ አይግዙ። ቢታ ገነት ውስጥ ስልክ በደንብ የሚጠቀሙ ወጣቶች አሉ፤ እነሱ ደግሞ አንድ ነገር ያድርጉልን። ለሚጓዝ እናት፣ አባት ወይም ጎረቤት ትኬቱ በእርግጥ መውጣቱን በመተግበሪያው አጣርተው፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፈው ይስጧቸው።